የተገለበጠ ስላቅ

ጉለሌ፣ ቀጨኔ
ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሄርሜላ፣

እንደምን ከርመሻል? ብርዱስ እንዴት አድርጎሻል? እኛ መድኃኔዓለም ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ደህና ናት፤ የሺም ደህና ናት፤ እኔ ደግሞ በሁለት ሴቶች መሃል እየኖርኩ ደህና መሆኔ ራሱ ስለት የሚያስገባ ነው።

ስልክ እያለ ለምን እንደምጽፍልሽ ታውቂያለሽ። ስልክ ላይ “ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ” ስንባባል ካርዱ ያልቃል። ወረቀት ላይ ግን ሰው ቢዋሽ እንኳ አስቦበት ነው የሚዋሸው። እኔ እጽፋለሁ፣ የሺ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሻለች። ስታነሳው እንደምታነበው ስለማውቅ ባለቤቴን በደብዳቤ አላማም።

(ከየሺ፦ ይማኝ ግዴለም። ያማኝ ቀን ራቱን ራሱ ይሠራል።)

አንድ ነገር ግን ማቃናት አቅቶኛል። ለዕድራችን ሰዎች “ሄርሜላ ጆርጂያ ሄዳ ፋርማሲ እየተማረች ነው” ብዬ ነግሬ ነበር። ለካ አሜሪካ ውስጥም ጆርጂያ የሚባል አለ። ሰፈሩ በሙሉ ተስማምቶ አሜሪካ ልኮሻል። “ሌላዋ ናት፣ የጊዮርጊስ አገር፣ ከቱርክ ወዲያ” ብል ማን ይስማኝ። “ዕቃ እንዳናዘው ብሎ ነው” ይላሉ። ጎረቤታችን ኢየሩ የጫማ ቁጥሯን በወረቀት ጽፋ ሰጥታኛለች። ሠላሳ ስምንት ነው፤ ነግሬሻለሁ፤ ከደሙ ንጹህ ነኝ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። በወጣት ማዕከሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ቼዝ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አንደኛ ዓመቴን ያዝኩ። አንቺም ማቲያስም ከዚያች ክፍል ናችሁ። ማቲያስ አሁን ባንክ ይሠራል፤ ከረባት ያስራል፤ ከኮምፒውተር ጋር ይጫወታል፤ የአሠልጣኝነት ወረቀትም አለው። ማዕከሉ አዳዲስ ሰሌዳና የጨዋታ ሰዓት ሊያስገባ ነው። አስተባባሪው ጠርቶኝ “ጋሼ፣ ማቲያስም ላስተምር ብሎ ጠይቆናል፤ ክፍሉ አንድ፣ ሰዓቱም አንድ ነው፤ እንዴት እናድርግ?” አለኝ።

እኔም አፌ ቀደመኝ። “የክፍለ ከተማው ውድድር ይጀመር የለ? እዚያ ስንገናኝ ያሸነፈ ያስተምር” አልኩት። “እኩል ከወጣችሁስ?” አለ። “ያኔ ወረቀት ያለው ይውሰደው” አልኩ። ይኸውልሽ፣ ሰው በገዛ እጁ ንጉሡን ጥግ ሲከት። ማቲያስ ሲነገረው እሺ አለ። ቶሎ እሺ ማለቱ አላማረኝም። አምና በአሥራ ዘጠኝ እርምጃ ጠቅልሎ ሲያሸንፈኝ “ይቅርታ ጋሼ” ብሎኝ ነበር። ከሽንፈቱ ይልቅ ይቅርታው ነው የቆረቆረኝ።

አሥር ተጫዋቾች ነን፤ እሑድ እሑድ ነው የምንገናኘው። የእኔና የእሱ የመጨረሻው እሑድ ላይ ወድቋል፤ ታኅሣሥ 13። ነጭ የእኔ ነው።

በመኪና የውስጥ ጎማ የለበድኳትን የሩሲያ መጽሐፌን አትረሻትም መቼም። ገጽ 84 ላይ ያለውን ፈረሴንም ታውቂዋለሽ፤ በአሥራ አንደኛው እርምጃ ዘሎ ንጉሡ አጠገብ ያለውን ወታደር በልቶ የሚሰዋው። ከሥዕሉ ሥር አራት መስመር ሩሲያኛ አለ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሥዕሉን ብቻ እያየሁ ኖሬያለሁ። የሺ የገጹን ፎቶ አብራ ትልክልሻለች፤ እናንተ አገር ሽማግሌው ሁሉ ሩሲያኛ ያነባል ብለሽኝ ነበርና አስነብቢልኝ። ፈረሱን ከሰዋሁ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለብኝ የሚናገር ይመስለኛል። ሁልጊዜ የምጠፋው እዚያ ላይ ነው።

ጊዮርጊስ ፈረሱን ያውስሽ።

አጎትሽ አጥናፉ


ትብሊሲ
ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለጋሽ አጥናፉ፣

ጋሼ፣ ሰላምዎ ይብዛ። እትዬ የሺንና እማዬን ይሳሙልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱ ገና እየተለማመደ ነው፣ የባሰው ከገና በኋላ ነው አሉ። ገናን ደግሞ ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ያከብራሉ። ጊዮርጊስ እዚህ በየግድግዳው ላይ ነው። ባየሁት ቁጥር እርስዎ ትዝ ይሉኛል፤ እሱም ፈረሱን ሳያስብ ነው የሚያስፈነጥረው።

የዩኒቨርሲቲው የቼዝ ክበብ ውስጥ ገብቻለሁ። አሠልጣኛችን ወይዘሮ ኬቴቫን ይባላሉ፤ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ሩሲያኛውን እንደ ውኃ ነው የሚጠጡት። ስጫወት አጠገቤ ቆመው ያዩኛል። ሌሎቹም ይከቡኛል። ባለፈው ፈረሴን ስሰዋ ወይዘሮ ኬቴቫን መነጽራቸውን አውልቀው “ማን ነው ያስተማረሽ?” አሉኝ። አጎቴ ነው አልኳቸው።

ገጹን ሰኞ ይዤላቸው እሄዳለሁ። ውድድሩን ይቅናዎት ጋሼ። ለእትዬ ኢየሩ እዚህ የሚሸጠው ጫማ ሁሉ የበረዶ ነው ይበሉልኝ።

ልጅዎ ሄርሜላ


ጉለሌ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰኞዋ እመቤት ለሄርሜላ፣

ጤና ይስጥልኝ። እናንተ አገር ሰኞ በዓመት ስንቴ ነው የሚውለው? እዚህ ሁለት ሰኞ አልፎ ዛሬ ሦስተኛው ላይ ነኝ። የሺ በየማታው ስልኳን እያየች “ምንም የለም” ስትለኝ፣ ለኔ ሳይሆን ለሐኪም የምትናገር ነው የምትመስለው።

ወሬ ልንገርሽ። አራት ጊዜ ተጫውቼ ሦስቱን አሸነፍኩ፣ አንዱን እኩል ወጣሁ። ትናንት የገጠመኝ ጡረታ የወጣው የታክሲ ሹፌር ያዕቆብ ነው። ገጽ 84ን አወረድኩበት። ፈረሴን ሲያየው ሳቀ። “አጥናፉ፣ ይሄን ከየት አመጣኸው?” እያለ ሲስቅ ሲስቅ ሰዓቱ አልቆበት ተሸነፈ። እኔ ታዲያ ሳቁንም ሰዓቱንም ከመጽሐፉ እቆጥራቸዋለሁ።

ማቲያስ አራቱንም አሸንፏል። አጠገቤ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል። ይሄ ልጅ ጎንበስ ባለ ቁጥር ወገቤን ያመኛል።

“ማን ነው ያስተማረሽ” ላሉሽ ሴትዮ ስሜን ነገርሽልኝ? አድራሻዬን ከፈለጉ ከቀጨኔ መድኃኔዓለም ወረድ ብሎ፣ ጎሚስታ አጥናፉ ብለው ቢጠይቁ ሕፃን ያደርሳቸዋል። ሙያዬን ካደነቁ ጎማም እሠራላቸዋለሁ።

ከልጆቹ መሃል ሳቢት የምትባል አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ መጥታለች። ዓይኗ ከሰሌዳው አይነሳም፤ አንቺን ነው የምታስታውሰኝ። ቅዳሜ ዕለት ገጽ 84ን ጥቁር ሰሌዳው ላይ ስዬ አስተማርኳት። ቤቷ ሄዳ አባቷን ፈረስ አስበልታዋለች አሉ።

አራቱን መስመር ላኪልኝ። ሌላ ምንም አልልም።

አጎትሽ አጥናፉ

(ከየሺ፦ ሌላ ምንም አልልም ያለው ሦስት ገጽ ጽፎ ሁለቱን ከቀደደ በኋላ ነው።)


ትብሊሲ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ፈተና ላይ ነበርኩ። በውጤትዎ በጣም ደስ ብሎኛል። አቶ ያዕቆብ ሲስቁ በዓይኔ ታዩኝ።

ገጹ ተነቧል። ነገር ግን ትርጉሙን በደንብ አጣርቼ ልጽፍልዎት ስለፈለግኩ ትንሽ ይታገሱኝ። እስከዚያው አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከእርምጃዎቹ ጎን ያሉትን “!” እና “?” ያኔ ሲያስተምሩኝ ትርጉማቸውን ነግረውኝ ነበር። ለእርስዎ ማን ነበር የነገረዎት? እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው።

ደግሞስ ጋሼ፣ ለማቲያስ ሌላ አጀማመር ቢያስቡለትስ? የእርስዎን ገጽ 84 በቃሉ ያውቀዋል። እርስዎ ራስዎ ነዎት ያስተማሩት። እርግጥ እርስዎ ከኔ ይበልጥ ያውቃሉ።

አክባሪዎ ልጅዎ ሄርሜላ


ጉለሌ
ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሄርሜላዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። “አክባሪዎ” የምትለዋን ቃል አይቻታለሁ። አንቺ ስድስት ዓመትሽ ሳለ ጫማዬ ውስጥ የቡና አተላ ያፈሰስሽ ልጅ ነሽ። ስታከብሪኝ እፈራለሁ። ግን ለጠየቅሽው መልስ አለኝ፤ ያውም የምወደው ወሬ ነው።

በ1984 ነው። መንግሥት ተለውጦ የሩሲያ መጽሐፍ በኪሎ የሚሸጥበት ጊዜ። ከሱቄ ፊት ለፊት ቆሎ የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ በመጽሐፍ ገጽ እየጠቀለለች። የአሥር ሳንቲም ቆሎ ገዝቼ ስበላ፣ መጠቅለያው ላይ የቼዝ ሥዕል አየሁ። ቆሎውን ጥዬ ወደ ሴትዮዋ ሮጥኩ። መጽሐፉን ስገዛት የመጀመሪያዎቹ አሥራ ስድስት ገጾች አልቀው ነበር። ጉለሌ በልቷቸዋል። ለዚህ ነው የኛ መጽሐፍ ከገጽ 17 የሚጀምረው።

ሩሲያኛ አላውቅም፤ ሥዕሉንና ቁጥሩን ግን በራሴ ፈታሁት። የቀሩት ምልክቶቹ ነበሩ። “?” ቀላል ነው፤ ተቃራኒህን “እስቲ ይህንን መልስ” ማለት ነው። ያስቸገረኝ “!” ነበር። አንድ ሳምንት አሰብኩበት። መቼም በአማርኛ ትእምርተ ስላቅ የሚባል አለ፤ ቃለ አጋኖን ገልብጠን “¡” እናደርገዋለን። “እንዴት ያለህ ጎበዝ ነህ¡” ብለን ስንጽፍ ማሾፋችን ነው። ሩሲያኖች ደግሞ ፊደል መገልበጥ ልማዳቸው ነው። R-ን ገልብጠው ይጽፉ የለ? N-ንም ገልብጠዋል። ታዲያ ስላቁን ቢገለብጡት እንደገና ቀጥ ብሎ ይቆማል። በዚህ ደረስኩበት። “!” ካለበት ጎን ያለው እርምጃ ደራሲው የሚያሾፍበት ነው፤ የፈሪ እርምጃ። ገጽ 84 ላይ ራሱ ተመልከቺ፤ ግንቡን አንድ ቤት ፈቀቅ የምታደርገው እርምጃ “!” አለባት። ፈረሱ እያለ ግንብ የሚያንፏቅቅ ሰው ቢያሾፉበት ምን ይፈረዳል? ፈረሱ ላይ ደግሞ “?” አለ፤ እስቲ መልስ።

ይህንን ያለ አስተማሪ የደረስኩበት ነው። ካገኘኋቸው ነገሮች ሁሉ በዚህ ነው የምኮራው። የሺን ያገኘኋትም እሷ ስለፈለገች ነው።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅሽ። “አጣርቼ” ያልሽው ምኑን ነው? አራት መስመር ነው፤ የሊዝ ውል አይደለም። የሆነ ነገር ደብቀሽኛል። ጾም ገብቷል፤ ማቲያስ ጴንጤ ስለሆነ እንቁላሉን ግጥም አድርጎ ነው የሚመጣው፣ እኔ በሽሮ ነው የምገጥመው። በሽሮው ላይ ምስጢር አትጨምሪብኝ።

አጥናፉ


ትብሊሲ
ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድዎት ለጋሼ፣

ይህንን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ ቀድጃለሁ። አምስተኛው ይኸው።

ወይዘሮ ኬቴቫን ገጹን ሲያዩ መጽሐፉን አወቁት። ድልድዩ አጠገብ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ አለ፤ እዚያ ወሰዱኝና ያንኑ መጽሐፍ አገኘነው። ሙሉውን ነው ጋሼ። ገጽ 1 አለው። ገጽ 7 ላይ የምልክቶቹ መፍቻ አለ። እሳቸው እያነበቡልኝ ጻፍኩት።

“!” ማለት ጥሩ እርምጃ ማለት ነው። “?” ማለት ስህተት ማለት ነው።

ሩሲያኖቹ ምንም አልገለበጡም። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሠላሳ ሦስት ዓመት ያጠናነው ስህተቶቹን ነው። የሳቅንባቸው እርምጃዎች ጥሩዎቹ ነበሩ።

ይህንን ያወቅኩት ጥቅምት 25 ነው። ለምን እንደዘገየሁ ልዋሽዎት አልችልም፤ ይሉኝታ ይዞኝ ነው። እኔ ማን ነኝና ጋሼን አርማለሁ አልኩ። ደግሞም ከጨዋታው በፊት ብነግርዎት ግራ ይጋቡ ይሆናል፣ በኋላ ብነግርዎት ደግሞ ክፍሉ ይሄድ ይሆናል አልኩ። ውድድሩ እስኪያልፍ ዝም ልል ወስኜ ነበር። ከዚያ ሳቢት ገጽ 84ን ለአባቷ እንዳሳየች ጻፉልኝ። እርስዎን ማታለል እችል ነበር፤ ሰሌዳ ላይ ማታለልን ከእርስዎ ነው የተማርኩት። ልጅቷ ግን ነገ ሌላ ከተማ ሄዳ፣ ሰው ከቧት ቆሞ “ማን ነው ያስተማረሽ” ሊላት ነው። ጋሼ፣ ወይዘሮ ኬቴቫን እኔን እንዲያ ያሉኝ አድንቀው አልነበረም። ያኔ ልነግርዎት ይገባኝ ነበር።

ከተቆጡ ይቆጡኝ። ዝም ብቻ አይበሉኝ።

ልጅዎ ሄርሜላ


ጉለሌ
ታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሄርሜላ እናቴ፣ እንደምን ነሽ? እኔ የሺ ነኝ።

ደብዳቤሽን ካነበበ አራት ቀኑ ነው። አልተቆጣም። አልሳቀምም። ጠዋት ሱቁን ይከፍታል፣ ጎማ ይፈታል፣ ማታ ይገባል፤ ሽሮውን በልቶ ያንን መጽሐፍ ይዞ መኝታ ቤት ይዘጋል። ትናንት በቀዳዳ ሳየው በእርሳስ የሆነ ነገር ይቆጥር ነበር። እሑድ ተጫውቶ ተሸንፎ መጣ። “በማን?” ብለው “በራሴ” አለኝ። ቅዳሜም ልጆቹን “ዛሬ እንዲሁ ተጫወቱ” ብሎ ጥግ ተቀምጦ ዋለ አሉ።

ጥፋት አላጠፋሽም። ግን ጻፊለት። እሱ ወረቀት ካላየ ሰው የተናገረው አይመስለውም።

የሺ


ትብሊሲ
ታኅሣሥ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሰላም ለቤትዎ። መጀመሪያ የጠየቁኝን ሳልልክልዎት ብዙ ቀባጠርኩ። ከገጽ 84 ሥዕል ሥር ያሉት አራት መስመሮች እነዚህ ናቸው፤ ወይዘሮ ኬቴቫን አንብበውልኝ፣ እኔ ወደ አማርኛ መልሼዋለሁ።

“እዚህ ላይ ፈረሱን መሰዋት ያጓጓል፤ ነገር ግን ጊዜው አንድ እርምጃ ይቀረዋል። መጀመሪያ ግንቡ ከንግሥቲቱ ፊት ለፊት ይቁም። ፈረሱ የትም አይሄድም። ከዚያ በኋላ መሥዋዕቱ ይሠራል።”

ሌላ የምለው የለኝም። ታኅሣሥ 13 ቀን ጠዋት እዚህ ጊዮርጊስ ጋ ሻማ አበራለሁ።

ሄርሜላ


ጉለሌ፣ ቀጨኔ
ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ፣ ለገጽ ሰባቷ ሄርሜላ፣

ሰላምና ጤና ካንቺ ጋር ይሁን፤ ሻማሽም አይጥፋ። ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ።

አስቀድሜ ስለ ዝምታዬ። አልተቀየምኩሽም። የመጀመሪያውን ቀን አፈርኩ፤ ውሸት ምን ያደርጋል። ሁለተኛውን ቀን መጽሐፉን ከገጽ 17 ጀምሬ እንደ አዲስ ማንበብ ያዝኩ። ስንት እርምጃ ነው የሰደብኩት መሰለሽ? አራት መቶ አሥራ ሁለት “!” አለ፤ እያንዳንዱን በእርሳስ እየነካሁ ይቅርታ ጠየቅኩ። የሺ ያበድኩ መስሏት በቀዳዳ ታየኝ ነበር። አውቄባታለሁ፤ አንዴም ጮክ ብዬ “ማረኝ ግንቤ” አልኩላት።

(ከየሺ፦ እውነት ነው። ጠበል ልወስደው ነበር።)

ከዚያ አራቱ መስመሮች መጡ። ስንት ጊዜ እንዳነበብኳቸው አልነግርሽም። አየሽ፣ ፈረሱ ስህተት አልነበረም። ፈረሱን ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ እርምጃ አስቀድሜ ነበር የምወረውረው።

እሑድ ደረሰ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ የማዕከሉ ልጆች በሙሉ መጥተዋል፤ ያዕቆብም ገና ከአሁኑ እየሳቀ መጥቷል። ማቲያስ በከረባት፣ እኔ የሺ በተኮሰችልኝ ሸሚዝ። ጀመርን። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፤ ሁለታችንም መንገዱን ስለምናውቀው እንደ ውዳሴ ማርያም ወረድነው። አሥረኛው ላይ ንግሥቱን አንስቶ ንጉሡ ፊት ገተራት። አምና ያደረገውም ይህንኑ ነው፤ ፈረሴ የሚበላውን ወታደር እንድትጠብቅለት። ከዚያ እስክሪብቶውን አነሳና እርምጃ የምንመዘግብበት ወረቀት ላይ ጻፈ። አጮልቄ አየሁት። እኔ ገና ያልተጫወትኩትን የፈረስ እርምጃ ነበር የጻፈው። እስቲ አስቢው፤ ተማሪሽ የምትሳሳቺውን ስህተት ቀድሞ ሲመዘግብልሽ።

ሄርሜላ፣ ችግሩ ጭንቅላቴ አልነበረም። ችግሩ እጄ ነበር። ብቻውን ተነስቶ ወደ ፈረሱ ሄደ። የነካኸውን መጫወት ግዴታ ነው፤ ይህንን ለናንተ ስንት ጊዜ እየጮህኩ አስተምሬያለሁ። አንድ ጣት ሲቀረኝ ቀኝ እጄን በግራ እጄ ያዝኩት። ዳኛው “ጋሼ፣ አመመዎት?” አለኝ። “የለም፣ ልማድ ነው” አልኩት።

ከዚያ ግንቡን አንድ ቤት ፈቀቅ አደረግኩ። ያችን ሳሾፍባት የኖርኩትን።

ማቲያስ ሰሌዳውን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። የጻፈውን ሰረዘ። ከግንቤና ከንግሥቱ መሃል የኔ ፈረስ ብቻ ነው የቆመው። ፈረሱ ከተነሳ ግንቡ ንግሥቷን ፊት ለፊት ያያታል። እሷ ከሸሸች ደግሞ ወታደሩ ጠባቂ ያጣል። አርባ አንድ ደቂቃ አሰበ። እኔ እስከዚያ ምን እንዳደርግ አላውቅም ነበር፤ ሌላ ጊዜ እዚህ ቦታ ላይ ተሸንፌ ሻይ እየጠጣሁ ነው የምገኘው።

በመጨረሻ ንግሥቱን አሸሸ። ያኔ ፈረሴን ፈታሁት። ዘሎ ወታደሩን ሲበላ ልጆቹ ከኋላ ጉርምርም አሉ፤ ሳቢት “ገጽ 84” ስትል ሰማኋት፤ ዳኛው ዝም አሰኛት።

አሁን በቀላሉ አሸነፍኩ ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር። ደስታ ግን መጥፎ አማካሪ ነው። ሠላሳኛው ላይ አንድ ወታደር በነፃ ሰጠሁት። ያለ ጥርጥር “?” ነው፤ በአዲሱም አነባበብ። ማቲያስ ተመልሶ መጣ። የሁለታችንም ሰዓት ሊያልቅ ደረሰ፤ ለእኔ ሦስት ደቂቃ ቀረኝ፣ ለእሱ ሁለት። ቀና ብሎ “እኩል እንበል ጋሼ?” አለኝ። እኩል ማለት ለእሱ ክፍሉ ማለት ነው፤ ለእኔ ደግሞ ወደ ቤት መሄድ ማለት ነው። ሰሌዳውን አየሁ። አንድ ወታደሬ ከሌሎቹ ተለይቶ ጥግ ጥጉን እየሄደ ነበር፤ በዕድሩ ስብሰባ ላይ ቀስ ብሎ ወደ በር እንደሚሸሽ ሰው። “እንቀጥል” አልኩት። በሃምሳ ስምንተኛው እርምጃ ወታደሩ በሩ ላይ ደርሶ ንግሥት ሆነ። ማቲያስ መሸነፉን አምኖ ሰዓቱን አቆመ። ተነስቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

የተናገረውን ስሚ። ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ “ማን ነገረዎት?” አለኝ።

“ምኑን?”

“የምልክቱን።”

ደነገጥኩ። “አንተ ታውቅ ነበር?”

“ስድስት ዓመቴ ነው ጋሼ።”

“ስድስት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርከኝም?”

“እንዴት ብዬ? ፈረስ የት እንደሚረግጥ ጣቴን ይዘው ያሳዩኝን ሰውዬ? ሁልጊዜ ልነግርዎት እመጣለሁ፣ ሻይ ይጋብዙኛል፣ ጠጥቼ እመለሳለሁ። ክፍሉንም የጠየቅኩት ለዚህ ነው። መናገር ሲያቅተኝ፣ ልጆቹን እኔ ባስተምር ይሻላል አልኩ።”

ያዕቆብም ያውቅ ነበር፤ ያ ሁሉ ሳቅ ለካ ለዚያ ነው። ግማሽ ጉለሌ ያውቅ ነበር። ሁሉም ያከብሩኛል፣ ሁሉም ሻይዬን ይጠጣሉ፣ አንድም ሰው አልነገረኝም።

ትናንት ቅዳሜ ነበር። ክፍሉ የኔ ነው። አዲሶቹ ሰሌዳዎችም መጥተዋል፤ የላስቲክ ሽታቸው የሱቄን ሽታ ነው የሚመስለው። ጥቁር ሰሌዳው ላይ “!” እና “?” ጻፍኩና ለልጆቹ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ከቆሎዋ ጀምሬ። ሳቁብኝ። እኔም ሳቅኩ። ሳቢት እጇን አወጣች።

“ታዲያ ጋሼ፣ በስህተቱ ያሸነፍኳቸውን ልመልስላቸው?”

“የበላሽውን አትመልሺም” አልኳት። “ከእንግዲህ ግን ግንቡን አስቀድሚ።”

ማቲያስ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። እኔ ነኝ የጠራሁት። ካሁን በኋላ ከሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት እሱ “!” ያስተምራል፤ ከአራት ሰዓት በኋላ እኔ “?” አስተምራለሁ። በስህተት ትምህርት ከኔ የበለጠ ልምድ ያለው ሰው በክፍለ ከተማው ውስጥ የለም፤ ወረቀት ባይሰጡኝም።

እውነት መናገር ከተጀመረ ብዬ ለኢየሩም ሁሉንም ዘርዝሬ ነገርኳት፤ አሜሪካ እንዳልሆንሽ፣ ሌላ ጆርጂያ እንደሆነች። ሰማችኝና “ታዲያ እዚያኛው ጆርጂያ ጫማ አይለበስም?” አለች። የበረዶም ቢሆን ላኪላት፤ ቀጨኔ ዳገት ላይ በክረምት ይሆናታል።

ከአንቺ አንድ ነገር ብቻ እፈልጋለሁ። ከገጽ 1 እስከ 16 ያለውን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። የሰፈሬ ሰው ምን እንደበላ ማወቅ አለብኝ።

ለወይዘሮ ኬቴቫን የጎማ ሠሪውን ሰላምታ አድርሺልኝ። “ማን ነው ያስተማረሽ” ሲሉሽ፣ አሁንም አጎቴ ነው በያቸው። “አጎትሽንስ?” ካሉሽ መልሱን ታውቂያለሽ።

የኅዳር 26 ደብዳቤሽን የሺ ቡና ቤቱ ጎን ካለው ፎቶ ቤት በወረቀት አሳትማልኛለች። መጽሐፉ ውስጥ ከገጽ 17 በፊት፣ ባዶው ቦታ ላይ አስገብቼዋለሁ። “ይህንን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ ቀድጃለሁ” ካልሽበት መስመር ጎን በቀይ እስክሪብቶ ምልክት አድርጌያለሁ። እንዳትሳሳቺ ብዬ ነው የምነግርሽ፦

!

አጎትሽ አጥናፉ